ባትሪን በጭነት ለክቶ የሚሸጥ አንድ የጎንደር ባትሪ ቤት

በጎንደር ባትሪ የሚሸጡ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ከፒያሳ አንሥቶ እስከ ቅዳሜ ገበያ፣ ከዚያም አልፎ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ የመኪና፣ የባጃጅና የሶላር ባትሪ ተደርድሮ ይታያል። ባትሪውን ከመሸጡ በፊት በገዢው ፊት ውስጣዊ ሬዚስታንሱን፣ ማለትም ከረንት በባትሪው ውስጥ ሲያልፍ የሚገጥመውን መሰናክል፣ ለክቶ፣ ውጤቱን በካርድ ላይ ጽፎና ፈርሞ የሚያስረክብ ቤት ግን እስካሁን ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው። ቤቱ በቅዳሜ ገበያ አካባቢ ከአንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ጥገና ቤት ጋር ግድግዳ ተጋርቶ የተሠራ፣ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ብቻ ያሉት ነው። ባለፉት ስምንት ወራት አራት ጊዜ ተገልግዬበታለሁ። የለኩልኝንም ባትሪ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ እንደገና ለክቼ ከእነርሱ ውጤት ጋር አስተያይቻለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ግምገማ ስለ መስተንግዶው ብቻ ሳይሆን፣ በዋናነት ስለ ልኬቱ ትክክለኛነት ነው።

ወደዚህ ቤት የሄድኩት በሌላ ቦታ በገዛሁት ባትሪ ምክንያት ነበር። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ለሁለት አምፖሎችና ለኢንተርኔት መሣሪያው የሚያገለግለኝ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት የሆነ የታሸገ የሊድ አሲድ ባትሪ ገዝቼ ነበር። ሻጩ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በባትሪው ራሶች ላይ አሳርፎ 12.6 ቮልት ሲነበብ «ይኸው፣ ሙሉ ነው» አለኝ፤ ቁጥሩም ትክክል ነበር። ቤት ወስጄ አምፖሎቹን ሳበራ ግን ብርሃኑ ወዲያውኑ ደከመ፤ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ባትሪው አንድ አምፖል እንኳ ለግማሽ ሰዓት ማብራት ተሳነው። ስመልሰው ሻጩ ያንኑ ቴስተር አምጥቶ ያንኑ ቁጥር አሳየኝ፤ ባትሪውንም አልቀየረልኝም። በዚያ ቀን ያዘንኩት በገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ቁጥሩ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ባትሪው ዋጋ ቢስ መሆኑን ለሻጩ ላስረዳው አለመቻሌ ከገንዘቡ ይልቅ ቆጨኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባትሪ በውስጡ በሚካሄደው ኬሚካዊ ለውጥ አማካይነት ለእያንዳንዱ ኩሎም ቻርጅ የሚሰጠው ኢነርጂ ኤሌክትሮሞቲቭ ፎርስ፣ በአጭሩ ኢ.ኤም.ኤፍ ይባላል። ስሙ «ፎርስ» ይበል እንጂ በኒውተን የሚለካ ግፊት አይደለም፤ መለኪያው ቮልት ነው፣ ይኸውም ጁል በኩሎም። ይህ ኢነርጂ ግን በሙሉ ወደ ውጭ አይወጣም። ከረንቱ በባትሪው ውስጥ በአሲዱ፣ በሊድ ሰሌዳዎቹና በመገጣጠሚያዎቹ በኩል ማለፍ ስላለበት ከፊሉ እዚያው ወደ ሙቀት ተለውጦ ይቀራል። ይህን የሚያደርገው መሰናክል ውስጣዊ ሬዚስታንስ ይባላል። በባትሪው ራሶች ላይ የምናገኘው ቮልቴጅ ኢ.ኤም.ኤፉ ሲቀነስ የከረንቱና የውስጣዊ ሬዚስታንሱ ብዜት ነው። እንግዲህ ከረንት በማይኖርበት ጊዜ የሚቀነሰው ነገር ዜሮ ስለሆነ፣ የቱንም ያህል የተበላሸ ውስጥ ያለው ባትሪ ጤነኛ መስሎ ይታያል። ዲጂታል ቴስተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሜጋ ኦም ያህል ሬዚስታንስ ስላለው ከባትሪው የሚወስደው ከረንት ከአንድ ማይክሮ አምፔር እምብዛም አይበልጥም። ያ ሻጭ ያሳየኝ ኢ.ኤም.ኤፉን ነበር፤ የተበላሸው ግን ሌላው ነገር ነበር።

አሁን ወደ ቤቱ ልመለስ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት ያንኑ የደከመ ባትሪ ይዤ ነው። የቤቱ ባለቤት በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ፣ ሰው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ሰው ናቸው፤ ልኬቱን የምታከናውነው ግን ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የተመረቀች ወጣት ረዳታቸው ናት። ባትሪውን ከእጄ እንደተቀበለች የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «መቼ ነው ከቻርጀር የወረደው፣ መምህር?» የሚል ነበር። ያን ዕለት ጠዋት መሆኑን ስነግራት ሳትለካው ወደ መደርደሪያው አስቀመጠችውና በማግሥቱ እንድመለስ ነገረችኝ። ከቻርጅ ገና የወረደ የሊድ አሲድ ባትሪ በሰሌዳዎቹ ገጽ ላይ በሚቀረው ቻርጅ ምክንያት ለጥቂት ሰዓታት ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያሳያል። በደንብ የተሞላና ያረፈ ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ገደማ የሚያሳይ ሲሆን፣ ያላረፈው ግን ከ13 ቮልት በላይ ሊያሳይ ይችላል። ደንበኛን በባዶ እጁ መመለስ ለነጋዴ ቀላል አይደለም። እኔ ግን ይህን ቤት ማመን የጀመርኩት በዚያች ቅጽበት ነው።

በማግሥቱ ልኬቱን ከአጠገቧ ቆሜ ተመለከትኩ። በመጀመሪያ የባትሪውን ሁለት ራሶች በአሸዋ ወረቀት ቀለል አድርጋ አሸችና በደረቅ ጨርቅ ጠረገች። ቀጥሎ ምንም ሳታገናኝ ቮልቴጁን አነበበች፤ 12.54 ነበር። ከዚያም ከመኪና የፊት መብራት የተወሰዱ ሁለት አምፖሎችን አንድ በአንድ እያገናኘች፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አምፔሩንና ቮልቱን እኩል አንብባ በወረቀት ላይ አሰፈረች። በመጀመሪያው አምፖል ወደ 4 አምፔር ገደማ ሲፈስ ቮልቴጁ ወደ 11.66 ወረደ። ሁለቱ አምፖሎች ሲበሩ ደግሞ 11 ቮልትን እንኳ መያዝ አቃተው። ልዩነቱን፣ ማለትም 0.88 ቮልትን፣ ለ4 አምፔር አካፍላ 0.22 ኦም ብላ ጻፈች። ከዚያ ከመደርደሪያው ተመሳሳይ መጠን ያለው አዲስ ባትሪ አውርዳ በዚያው መንገድ ለካችው፤ ምንም ሳይገናኝ 12.82፣ በ4 አምፔር 12.70፣ ስለዚህ 0.03 ኦም። ሁለቱ ባትሪዎች በባዶው ሲለኩ የነበራቸው ልዩነት ሩብ ቮልት ገደማ ብቻ ነበር፤ ውስጣዊ ሬዚስታንሳቸው ግን ከሰባት እጥፍ በላይ ይለያያል። ከዚህ ሌላ ማስረጃ አልፈለግኩም።

በሁለተኛው ጉብኝቴ አንድ ስሕተት አይቻለሁ፤ የልኬቱ ስሱ ቦታ ይህ ስለሆነ በዝርዝር ልናገረው። ረዳቷ በሌለችበት ቀን ሥራውን የያዘው ሌላ ልጅ የቴስተሩን ጫፎች ያሳረፈው በባትሪው ራስ ላይ ሳይሆን አምፖሉን በሚያገናኘው መቆንጠጫ ላይ ነበር። መቆንጠጫውና የባትሪው ራስ በሚነካኩበት ቦታ ላይ ትንሽ ሬዚስታንስ አለ፤ 0.02 ኦም ብቻ እንኳ ቢሆን በ4 አምፔር 0.08 ቮልት ይበላል። ይህ መጠን ለሬዲዮ ድንጋይ ምንም ላይሆን ይችላል፤ 0.03 ኦም ላለው ጤነኛ ባትሪ ግን ውጤቱን ወደ 0.05 ከፍ አድርጎ ያለ ጥፋቱ ያስኮንነዋል። ነገሩን ለጋሼ በጸጥታ ሳነሣላቸው ልጁን ጠርተው «ከረንት የሚሄድበት ሽቦና ቮልት የሚለካበት ሽቦ አንድ ቦታ አይገናኙም፤ የሚገናኙት ባትሪው ራስ ላይ ብቻ ነው» ብለው እንዲደግመው አደረጉት። እኔ ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በአራት ሽቦ የሚለካበትን ዘዴ ስዕል ሥዬ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ይፈጅብኛል፤ እርሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

የቤቱን ውጤት ለማመሳከር በትምህርት ቤታችን ያደረግሁት ልኬት ከዚህ ትንሽ ይረዝማል። በአንድ ጭነት፣ ማለትም ከረንት በሚስብ አንድ አምፖል፣ ብቻ ከመለካት ይልቅ ተለዋዋጭ ሬዚስተር ተጠቅሜ ከረንቱን በየደረጃው ከፍ እያደረግሁ ቮልቴጁን አነበብኩና ነጥቦቹን በግራፍ ወረቀት ላይ አኖርኩ። ከረንቱ በአግድም፣ ቮልቴጁ በቁም ሲቀመጥ ነጥቦቹ ቁልቁል በሚወርድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ይሰለፋሉ። መስመሩ የቁሙን ዘንግ የሚቆርጥበት ቦታ ኢ.ኤም.ኤፍ ነው፤ የመስመሩ ቁልቁለት ደግሞ ውስጣዊ ሬዚስታንስ። አዲሱ ባትሪ በ2 አምፔር 12.76፣ በ4 አምፔር 12.70፣ በ6 አምፔር 12.64 አነበበ፤ ቁልቁለቱ 0.03 ኦም ነው፣ ቤቱ ከሰጠኝ ጋር አንድ። ግራፉ ከአንድ ነጠላ ልኬት የሚሻልበት ምክንያት አለው፤ አንዱ ነጥብ በስሕተት ቢነበብ ከመስመሩ ወጥቶ ራሱን ያጋልጣል። በእያንዳንዱ ንባብ መካከልም ጭነቱን ለቀቅ አድርጌ ባትሪውን ማሳረፍ ነበረብኝ፤ ያለዚያ ባትሪው እየደከመና እየሞቀ ስለሚሄድ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የተለካው ባትሪ አንድ አይሆንም። በባትሪ የሚደረግ ልኬት ሁሉ ይህ ችግር አለበት። በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የነበረው ጌኦርግ ኦም፣ በ1827 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ሕግ ለማግኘት ሲሞክር በመጀመሪያ የተጠቀመበት የቮልታ ባትሪ ቮልቴጅ እየዋዠቀ ስላስቸገረው፣ የሙቀት ልዩነትን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጥ የቢስመዝና የመዳብ ጥምር ተክቶታል።

ቤቱ ከአምፖሎቹ ሌላ አራት ሽቦ ያለው አንድ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ መለኪያም አለው። መሣሪያው ባትሪውን ሳያደክም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ውጤቱን በሚሊ ኦም (በኦም አንድ ሺህኛ) ያሳያል። ከዚህ ቤት ጋር ያለኝ ትልቁ ቅሬታ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ያንኑ አዲስ ባትሪ መሣሪያው 24 ሚሊ ኦም ሲለው በአምፖል የተለካው 30 ነበር፤ የደከመውን ደግሞ 170 ሲለው በአምፖል 220 ነበር። ከሁለቱ አንዳቸውም አልተሳሳቱም። መሣሪያው የሚልከው ቶሎ ቶሎ የሚቀያየር ከረንት ስለሆነ የሚለካው የሰሌዳውን፣ የመገጣጠሚያውንና የአሲዱን ፈጣን ሬዚስታንስ ነው። አምፖሉ ግን ባለማቋረጥ ስለሚስብ፣ በሰሌዳዎቹ ገጽ ላይ ያለው አሲድ እየሳሳ ሲሄድ የሚፈጠረውን ዘገምተኛ መውረድም ይጨምራል። ቤቱ የሚሰጠው ካርድ ግን «ውስጣዊ ሬዚስታንስ» የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ስላለው፣ አንድ ቀን በመሣሪያው፣ ሌላ ቀን በአምፖል የተለካው ቁጥር ሳይለይ እዚያው ይሰፍራል። ስለዚህ ደንበኛው ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ሲያስለካ 24 የነበረው 30 ሆኖ ቢያገኘው ባትሪው አረጀ ብሎ ያዝናል፤ የተለወጠው ግን የመለኪያው ዓይነት ብቻ ሊሆን ይችላል። በካርዱ ላይ ለእያንዳንዱ ዘዴ የየራሱ ዓምድ፣ ከጎኑም የተለካበት የሙቀት መጠን እንዲጨመር ለጋሼ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ።

ሙቀቱን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ ብርድ ደግሞ በባትሪው ውስጥ ያለውን የአዮኖች እንቅስቃሴ ስለሚያዘገይ ውስጣዊ ሬዚስታንሱን ከፍ ያደርገዋል። ማታ በሰላም ያቆሙት ባጃጅ ንጋት ላይ አልነሣም ብሎ የሚያስቸግራቸው አሽከርካሪዎች በዚህ ወቅት በቤቱ በር ላይ በርከት ብለው ይታያሉ። የሞተር ማስነሻው፣ መካኒኮቻችን ሞተሪኖ የሚሉት፣ ሲዞር የሚስበው ከረንት ከፍተኛ ስለሆነ ትንሹ ሬዚስታንስ እንኳ ዋጋ ያስከፍላል። ለትንሽ መኪና 150 አምፔር ብለን ብንይዝ፣ 6 ሚሊ ኦም ያለው ጤነኛ ባትሪ 0.9 ቮልት ብቻ ያጣል። ሬዚስታንሱ ወደ 20 ሚሊ ኦም የደረሰው ግን 3 ቮልት ስለሚያጣ 12.6 የነበረው ወደ 9.6 ይወርዳል፤ ብዙ ባለሙያዎች ሞተር በሚነሣበት ጊዜ ከዚህ በታች የወረደን ባትሪ አይቀበሉትም። ቤቱ የመኪና ባትሪ የሚፈትሸው መኪናውን በር ላይ አቁሞ፣ ቴስተሩን በባትሪው ራሶች ላይ አድርጎ፣ ሞተሩን በማስነሣት ነው፤ ቀላልና የሚታመን ዘዴ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ጥንቃቄ አንድ ነገር ልናገር። የጓደኛዬን የመኪና ባትሪ ይዘን በሄድን ጊዜ እጄን ልዘረጋ ስል ጋሼ ክንዴን ያዝ አድርገው «ቀለበትዎን ያውልቁ፣ መምህር» አሉኝ። ልክ ናቸው። 6 ሚሊ ኦም ውስጣዊ ሬዚስታንስ ያለውን የ12.6 ቮልት ባትሪ ሁለት ራሶች ብረት ቢያገናኛቸው፣ የብረቱ ሬዚስታንስ ኢምንት ነው ብለን ስናሰላ የሚፈሰው ከረንት 2,100 አምፔር ይሆናል፤ ቀለበቱ ከጣት ሳይወልቅ ይግላል። ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ቤት ግን ለሠራተኞቹ የዓይን መከላከያ መነጽር አለማቅረቡና የሚሞሉ ባትሪዎችን መስኮት በሌለው የኋላ ክፍል ውስጥ ማኖሩ አሳስቦኛል። የሊድ አሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተጠራቅሞ ከአንዲት ብልጭታ ጋር ቢገናኝ ሊፈነዳ ይችላል። በዚያ ክፍል ግድግዳ ላይ ከጣሪያው ሥር አንድ ቀዳዳ ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ይህንንም ለጋሼ በጻፍኩት ጥያቄ ውስጥ አካትቼዋለሁ።

ቤቱ ከትላልቆቹ ባትሪዎች ሌላ ተራውን የሬዲዮና የእጅ ባትሪ ድንጋይም ይለካል፤ ለዚህ ገንዘብ አይጠይቅም። ጥር መግቢያ ላይ ለጥምቀት ዝግጅት የሚሯሯጡ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ስምንት ትላልቅ ድንጋይ የሚጎርስ የእጅ ድምፅ ማጉያ ይዘው መጥተው ነበር፤ ድምፁ ይንቋቋል፣ ከጥቂት ደቂቃም በኋላ ይጠፋል። ወጣቶቹ ስድስት አዲስ ድንጋይ ገዝተው፣ ሁለቱን «ገና ናቸው» ብለው ከአሮጌዎቹ አስቀርተዋቸው ነበር። ረዳቷ አንድ በአንድ ስትለካቸው አዲሶቹ በባዶው 1.56 ቮልት፣ ውስጣዊ ሬዚስታንሳቸው 0.45 ኦም ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ አሮጌዎች ደግሞ 1.38 ቮልትና 2 ኦም ገደማ ነበሩ። በቮልት ብቻ ሲታይ አሮጌዎቹ በእርግጥ «ገና» ይመስላሉ። ድንጋዮቹ በተከታታይ ስለሚደረደሩ ግን ውስጣዊ ሬዚስታንሳቸው ይደመራል። ስምንቱም አዲስ ቢሆኑ ኖሮ ጠቅላላው 12.48 ቮልትና 3.6 ኦም በሆነ ነበር፤ በሁለቱ አሮጌዎች ምክንያት 12.12 ቮልትና 6.7 ኦም ሆነ። ማጉያው ግማሽ አምፔር ሲስብ የመጀመሪያው 10.68 ቮልት ሲያደርስለት ሁለተኛው የሚያደርስለት 8.77 ብቻ ነው። ወጣቶቹ ሁለቱን ቀይረው ሲሞክሩት ድምፁ ግልጽ ሆኖ ወጣ።

ከወጣቶቹ አንዱ አሮጌዎቹን ሳይጥላቸው ፀሐይ ላይ ሊያሰጣቸው እንደሚሞክር ነገረኝ። ይህ በየቤታችን የኖረ ልማድ ነው፤ እናቴም የሬዲዮዋን ድንጋይ ግድግዳ ሥር ደርድራ ታሰጣ ነበር። ልማዱ ከንቱ አይደለም፤ ድንጋዩ ሲሞቅ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ስለሚቀንስ ሬዲዮው ለጥቂት ጊዜ ድምፅ ያወጣል። የወጣውን ኢነርጂ ግን ፀሐይዋ አትመልስለትም፤ ድንጋዩ ሲቀዘቅዝ ወደነበረበት ይመለሳል። ለረጅም ጊዜ ሲሰጣ ደግሞ ቆርቆሮው ተበልቶ የሚፈሰው ፈሳሽ መሣሪያውን ያበላሻል።

አገልግሎቱ የማይሸፍነውን ነገርም መግለጽ ይገባኛል። ውስጣዊ ሬዚስታንስ የባትሪን ጤንነት ያሳያል እንጂ ስንት ሰዓት እንደሚያገለግል በቀጥታ አይናገርም። የ7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ እውነተኛ አቅም የሚታወቀው በ0.35 አምፔር ለ20 ሰዓት ያህል፣ ቮልቴጁ ወደ 10.5 እስኪወርድ ድረስ በማውጣት ነው። ቤቱ ይህን አያደርግም፤ ቦታውም ጊዜውም እንደማይፈቅድላቸው ጋሼ ሳይደብቁ ነግረውኛል። ሊቲየም ባትሪም አይቀበሉም። ለሶላር የሚሆን የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ይዞ የመጣን አንድ ሰው፣ የቮልቴጁ ጠባይ ከሊድ አሲድ የተለየ ስለሆነ በእነርሱ መመዘኛ ቢለካ ያሳስታል ብለው አሰናበቱት። ይህ ዓይነቱ ባትሪ ከሙሉ እስከ ባዶ አካባቢ ድረስ ቮልቴጁ እምብዛም ስለማይለዋወጥ ምላሻቸው ትክክል ነበር። የማያውቁትን አንለካም ማለታቸው በእኔ ዘንድ ከሚለኩት ያላነሰ ያስከብራቸዋል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ከእነርሱ ለሚገዛ ሰው ልኬቱ ነጻ ነው፤ ሌላ ቦታ የገዛውን ይዞ ለሚመጣ ግን እኔ በሄድኩባቸው ቀናት በአንድ ባትሪ 100 ብር ያስከፍሉ ነበር። የባትሪዎቻቸው ዋጋ ከአካባቢው ሱቆች ትንሽ ከፍ ይላል። ለእኔ ልዩነቱ ተገቢ ነው፤ በሦስት ሳምንት የሞተው ባትሪ ዋጋ ከዚህ ልዩነት ብዙ እጥፍ ነበርና። ዋስትናው ግን መሻሻል አለበት። ካርዱ ላይ «ስድስት ወር» ተብሎ ቢጻፍም ባትሪው ተበላሸ የሚባለው ሬዚስታንሱ ስንት ሲደርስ እንደሆነ አልተገለጸም። ራሳቸው ለክተው የመነሻውን ቁጥር ከጻፉ በኋላ፣ ለምሳሌ ከመነሻው እጥፍ ከደረሰ እንለውጣለን ብለው ቢጨምሩበት ክርክር አይኖርም ነበር። ቅዳሜ በገበያው ምክንያት ሰው ስለሚበዛና ልኬቱ ስለሚጣደፍ በሌላ ቀን፣ በተለይ ጠዋት፣ ባትሪውን ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳርፎ መሄድ ይሻላል።

ያን 0.03 ኦም የሆነውን ባትሪ ገዝቼዋለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ሳስለካው አምስተኛ ወሩን ይዞ ነበር፤ በአምፖል 0.032 ኦም ሆነ። ረዳቷ ቁጥሩን ስታሰፍር በካርዱ ባዶ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምራ ከቁጥሩ ጎን «በአምፖል፣ 19 ዲግሪ» ብላ ጻፈችበት። አዲሱ ካርድ ገና እንዳልታተመ፣ የኋላው ክፍል ቀዳዳም ከፋሲካ በኋላ እንደሚወጣ ነገረችኝ፤ ለሚቀጥለው ልኬት ሐምሌ ላይ እመለሳለሁ።